ቧንቧ ሠራተኛው ስንተኛ ፎቅ ነው? የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያትን በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ስለ ማሰብ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ኒንቴንዶ «ዶንኪ ኮንግ» የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ በርሜል እየዘለለ መሰላል የሚወጣው ትንሽ ሰው ጃምፕማን ይባል ነበር፤ ሙያውም አናጺ ነበር። አናጺ የሆነው ጌሙ የሚካሄደው በግንባታ ላይ ባለ ሕንፃ ስለሆነ ነው። በ1983 «ማሪዮ ብራዘርስ» ሲወጣ ግን ቦታው ቱቦ የበዛበት የመሬት ውስጥ ፍሳሽ መስመር ስለነበር፣ በዚያ ጊዜ ማሪዮ ይባል የነበረው ያው ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ሆነ። መልኩም ቢሆን ከችግር የተወለደ ነው። የዚያን ጊዜ ስክሪን ሰውን በጥቂት ነጥቦች ብቻ መሣል ያስገድድ ስለነበር፣ ፈጣሪው ሺገሩ ሚያሞቶ ፀጉር ላለመሣል ኮፍያ ደፋለት፤ አፍ ላለመሣል ጢም አወጣለት፤ እጁ ሲወዛወዝ ከሰውነቱ ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ ቱታ አለበሰው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪዮን ቧንቧ ሠራተኛ ያደረገው እንግዲህ ቱቦው ነው። ይህን በመጀመሪያ የማነሣው፣ የጌም ገጸ ባሕርያትን ከዘንዶና ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ጋራዥ፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ወይም ገበያ ውስጥ የማስቀመጥ ልምምድ ብዙ ጊዜ ከተሳሳተው ጫፍ ስለሚጀመር ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ወይም ሠዓሊ «ይህ ገጸ ባሕርይ ምን ይችላል?» ብሎ ይጠይቅና ለችሎታው የሚስማማ ሥራ ይፈልግለታል፤ ፈጣኑን መልእክተኛ፣ ጉልበተኛውን ተሸካሚ፣ እሳት የሚተፋውን ዳቦ ጋጋሪ ያደርገዋል። ሐሳቡ ሲነገር ያስቃል፤ ሊጽፉት ሲቀመጡ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። እኔ ከታናናሾቼ ጋር ለዓመታት እንዲህ ያሉ አጫጭር ትዕይንቶችን እየጻፍን ስናነብ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ አንድን ገጸ ባሕርይ ከኃይሉ ይልቅ ልማዱና የማይችለው ነገር እንደሚያሳውቀን፣ የምንሰጠው ሥራም እውነተኛ ሆኖ ገጸ ባሕርዩን ማስቸገር እንዳለበት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው መመሪያ ሁሉ ከዚሁ አንድ ሐሳብ የተቀዳ ነው።

ጆይስቲኩን አስቀምጦ ማየት

ከመጻፍ በፊት ማየት ይቀድማል። የመረጡትን ጌም ይክፈቱና ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ ገጸ ባሕርዩ ማንም ሳያዘው ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። በ1991 ሴጋ የተባለው የጌም ኩባንያ ያወጣውን ሰማያዊ ጃርት፣ ሶኒክን፣ እንውሰድ። ሰው ሁሉ ስለ ሶኒክ የሚያውቀው መሮጡን ነው፤ ጥቂት ሳይነኩት ከቆዩ ግን ሶኒክ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ በእግሩ መሬቱን መታ መታ ማድረግ ይጀምራል። ውኃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ዋና ስለማያውቅ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከሥር የሚወጣውን የአየር አረፋ በጊዜው ካላገኘም ይሞታል። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም መቆም አለመቻሉና ውኃ አለመድፈሩ፣ ከፍጥነቱ የበለጠ ይጠቅሙናል።

አንድ ወረቀት ወስደው ለሁለት ይክፈሉት። በአንደኛው ወገን ገጸ ባሕርዩ ሳይታዘዝ የሚያደርገውን፣ በሌላው ወገን ፈጽሞ የማይችለውን ይጻፉ፤ ኃይሉን ጨርሶ አይጻፉት፣ እርሱን ማንም አይረሳውም። የሶኒክን ወረቀት ስጨርስ መልእክተኛ የማድረጉን ሐሳብ ትቼ የሌሊት ጥበቃ አደረግሁት። ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አንድ በር ላይ መቀመጥ ያለበት፣ ወንበሩ ሥር ያለው አፈር በእግሩ ምት ጉድጓድ የሆነ፣ ክረምት ገብቶ ጎርፉ በበሩ ሥር መግባት ሲጀምር ደግሞ ወንበሩ ላይ ወጥቶ የሚቆም ጥበቃ ሆነ። እንዲህ ያለው ሰው አንድም እርምጃ ሳይሮጥ ሶኒክነቱ ይታወቃል።

በየድረ ገጹ የተጻፈውን የገጸ ባሕርዩን የሕይወት ታሪክ ማንበብ አይከፋም፤ ሆኖም ብዙ አይታመኑበት። በ1998 የወጣው የ«ሃፍ ላይፍ» ባለታሪክ ጎርደን ፍሪማን በወረቀት ላይ ኤም አይ ቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬት ያገኘ ሳይንቲስት ነው። ጌሙን ስንከፍት የምናየው ግን በባቡር ወደ ሥራው የሚጓዝ፣ አርፍዶ የደረሰ፣ ቤተ ሙከራ ገብቶ ናሙና የጫነ ጋሪ የሚገፋ፣ ሰው ሲያናግረው አንዲት ቃል የማይመልስ ሠራተኛ ነው። ዶክትሬቱ ምንም ትዕይንት አይወልድም፤ የተማረ ሰው ጋሪ ሲገፋና ሲታዘዝ ዝም ማለቱ ግን ብዙ ይወልዳል፤ ከትምህርቱ በታች የተቀጠረ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል።

ሥራውን እንደ ጌሙ ማወቅ

ብዙዎች ጌሙን በቃላቸው ያውቁትና ሥራውን ከሩቅ ብቻ ያዩታል፤ ትዕይንቱ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በደንብ የሚያውቁትን ሥራ ይምረጡ፤ የማያውቁት ከሆነ ደግሞ ሄደው ይቀመጡበት። ጎሚስታ ቤት፣ ላቫጆ፣ ፀጉር ቤት ወይም ሻይ ቤት ግማሽ ቀን መቀመጥ የሚከለክል የለም፤ አስፈቅደው፣ ሻይ ጋብዘው ይጠይቁ። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚነኩት ዕቃ ምንድን ነው? ደንበኛ ሁልጊዜ የሚላት ቃል የትኛዋ ናት? የሚፈሩት ስሕተት ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰው ስለሚፈራው ስሕተት ሲናገር ሥራውን ከእነ ምስጢሩ ይነግርዎታልና። የዕቃዎቹንም ስም ባለሙያው በሚጠራቸው አጠራር ይያዙ፤ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴና ፒንሳ የሚባሉትን በመዝገበ ቃላት ስም ብትጠሯቸው ትዕይንቱ ወዲያው የሰው ቤት ይሆናል።

የሥራ ዝርዝር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት በ1999 ድሪምካስት ለተባለው የሴጋ ጌም ማጫወቻ የወጣውን «ሼንሙ» መመልከት ይበቃል። ታሪኩ የሚካሄደው በ1986 በጃፓኗ ዮኮሱካ ነው። ባለታሪኩ ሪዮ አባቱን የገደለውን ሰው የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ይሁን እንጂ ፍለጋው ወደብ ላይ ያደርሰውና ፎርክሊፍት ነጂ ሆኖ ይቀጠራል። ተጫዋቹም ሣጥን ከመጋዘን መጋዘን እያመላለሰ፣ ለምሳ እያረፈ፣ የቀን ደመወዙን እየተቀበለ ይውላል። በቀል የሚያቃጥለው ወጣት ሣጥኑን ሳይጥል ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ ግዴታው መሆኑ ነው ያን ክፍል እስከ ዛሬ የሚያስታውሰን። ገጸ ባሕርዩ የሚቸኩልበት ጉዳይ አለ፤ ሥራው ግን አይቸኩልም።

አንድ ትዕይንት ከቅርብ

አሁን ወደ ማሪዮ እንመለስ። በዋነኞቹ ጌሞቹ ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛ ነው ይባላል እንጂ ቧንቧ ሲጠግን አናየውም፤ በቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ ሥራውን ሳንቀይርበት በእውነት እንዲሠራ ብናደርገው ብዙ የምንጽፈው ይገኛል። በ1985 ከወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የሞላሁት ወረቀት እንዲህ ይላል። ስክሪኑ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ስለማይሄድ ማሪዮ ያለፈውን ቦታ ተመልሶ አያየውም። ከራሱ በላይ ያለውን ነገር ከሥር በቡጢ ይመታል። 100 ሳንቲም ሲሰበስብ አንድ ሕይወት ይጨመርለታል። እያንዳንዱን ቤተ መንግሥት ታግሎ ሲጨርስ ደግሞ ልዕልቲቱ በሌላ ቤተ መንግሥት እንዳለች ይነገረዋል፤ ሰባት ጊዜ እንዲህ ከተባለ በኋላ በስምንተኛው ያገኛታል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። የታችኛው ቤት ጣሪያ ያፈስሳል፤ ባለሙያ ይጠራል፤ ችግሩ ከላይኛው ቤት ነው ይባላል፤ ከላይ ሲወጣ ከእርሱም በላይ ነው ይባላል። የጌሙ አካሄድና የሥራው አካሄድ አንድ ሆነው ሲገጥሙ ከማየት የበለጠ በዚህ ልምምድ ውስጥ የሚያስደስተኝ ነገር የለም። የጻፍኩት ትዕይንት የመጀመሪያ ረቂቅ ይህ ነው፦

«ሠራተኛው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ አንደኛ ፎቅ ደረሰ። በሩን የከፈቱለት እናት ምንም ሳይናገሩ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ጠቆሙት። ውኃው ከአምፖሉ አጠገብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ሳፋ ግማሽ ሆኗል። ሠራተኛው የዕቃ ቦርሳውን ወለሉ ላይ አኑሮ ጣሪያውን ከሥር በቡጢው ሁለት ጊዜ መታ አደረገና ጆሮውን ጣለ። ‹ተባረክ ልጄ፤ ግን እኛ ጋ አይደለም፣ ከላይ ነው› አሉት። ፒንሳውን ብቻ ይዞ ወጣ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ወጣት በሩን ገርበብ አድርጎ ‹እኛ ጋማ ከማክሰኞ ጀምሮ ውኃም የለ፤ ከላይ ጠይቅ› አለው። ሦስተኛ ፎቅ በሩ ዝግ ነው፤ ጎረቤቲቱ ግን ግድግዳቸው ላይ የወረደውን እርጥበት አሳየችውና ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ ሮቶ ያስቀመጡት ቤተሰብ ዘንድ፣ ከወጥ ቤቱ መታጠቢያ ሥር ውኃው የቱቦውን ቀዳዳ ተከትሎ ወደ ታች ሲወርድ አገኘው። ተንበርክኮ መጋጠሚያውን ፈታ። ቴፍሎኑ ግን ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳውም አንደኛ ፎቅ ነው። ሠራተኛው ደረጃውን አየ፤ አልወረደም። የቤቱን ልጅ ጠራና ‹ከእማማ ቤት ቦርሳዬን አምጣልኝ፤ እኔ ወደ ኋላ አልሄድም› አለው።»

እዚህ ውስጥ በጌሙ የምናውቀው እንጉዳይ የለም፣ ኤሊ የለም፣ ቀይ ኮፍያም ሆነ ስም የለም። ኮፍያውን ጽፌው ነበር፤ በኋላ አወጣሁት፤ ልብስ ገጸ ባሕርዩን ከመሥራት ስለሚያሳርፈን ልብሱን ሲያወልቁት የቀረው ሥራ በግልጽ ይታያል። የ100 ሳንቲሙን ነገር ልጽፈው በጣም ፈልጌ ነበር፤ 100 ሳንቲም በእኛ ዘንድ አንድ ብር ስለሆነ፣ ገንዘቡን ሳንቲም በሳንቲም ቆጥሮ ብር ሲሞላ እፎይ የሚል ሠራተኛ በራሱ የሚበቃ ታሪክ ነው። ሆኖም ሁለት ጥሩ ነገር በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከተጋፉ አንዱን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ ይሻላል።

ከኃይሉ ምን ያህል ይቀር?

ሁሉንም ኃይል ካስቀሩለት ሥራው አያስቸግረውም፤ ሁሉንም ከነጠቁት ደግሞ ማንም ሰው ይሆናል። ብሎክ እየተቆፈረና እየተደረደረ የሚገነባበትን የ«ማይንክራፍት»ን ባለታሪክ ስቲቭን በስሌት እንየው። ስቲቭ ዕቃ የሚይዝባቸው 36 ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክፍል እስከ 64 ብሎክ ይገባል፤ አንድ ብሎክ አንድ ሜትር ኩብ ነው። ሁሉንም በወርቅ ብሎክ ቢሞላው 2,304 ሜትር ኩብ ወርቅ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ወርቅ ወደ 19.3 ቶን ስለሚመዝን፣ ስቲቭ በኪሱ ይዞ የሚዞረው ከ44 ሺህ ቶን በላይ ነው። ይህን ለማጓጓዝ 400 ኩንታል የሚጭኑ ባለ ተሳቢ መኪኖች ከ1,100 በላይ ያስፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን ሰው የእህል በረንዳ ወዛደር ብናደርገው ሥራው በመጀመሪያው ደቂቃ ያልቃል፤ ታሪኩም አብሮት ያልቃል።

የምከተለው ደንብ አንድ ኃይል ብቻ ማስቀረት፣ እርሱንም ወደ ሰው ልክ ማውረድ፣ ዋጋም እንዲያስከፍል ማድረግ ነው። ስቲቭ ከማንም በላይ ይሸከም፤ ግን ያገኘውን ሁሉ የመያዝ ልማዱ ይቅርለት። የጫነውን ማራገፍ የማይሆንለት፣ ኪሱ ውስጥ ገመድ፣ ችግኝ፣ የድንጋይ ከሰል፣ የሰው ቁልፍና ግማሽ ዳቦ የሚገኝበት፣ አሠሪው «ያን ማዳበሪያ የት አደረስከው?» ሲለው ከኪሱ አንድ በአንድ እያወጣ የሚደረድር ወዛደር ይሆናል። የጌሙ ተጫዋች ሁሉ ሞልቶ የተጨናነቀ ሣጥኑን ያስታውሳል። ጉልበቱን ሳይሆን ማከማቸቱን ስንከተል ነው ሰው የሚሆነው።

ሥራ ኖሯቸው ለተፈጠሩ ገጸ ባሕርያት መንገዱ ይገለበጣል። በ2015 በወጣው «ዊቸር 3» ውስጥ ጌራልት ከመንደር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሥራ እያነበበ፣ ከአሠሪው ጋር ዋጋ እየተከራከረ አውሬ ያድናል፤ በ«አኒማል ክሮሲንግ» ደግሞ ቶም ኑክ ለነዋሪው ቤት ሠርቶ የሚያበድረው ወለድም ቀነ ገደብም ሳይኖረው ነው። እነዚህን ወደ እኛ ዓለም ለማምጣት ሙያ መፈልሰፍ አያስፈልግም። ጌራልት ዋጋ የሚከራከርበትን ትዕግሥት ይዞ የጉድጓድ ቆፋሪ ይሁን፤ ቶም ኑክ ባንክ ገብቶ ወለድ ያለበትን ውል ለደንበኛ ማንበብ ይገደድ። የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን ትዕይንቱ ይጠነክራል።

ብዙ ሆነው ሲመጡ

ቡድን ለመጻፍ ለሚፈልግ ከፓክማን አራት መናፍስት የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ናምኮ በ1980 ያወጣው፣ ቶሩ ኢዋታኒ የነደፈው፣ ፓክማን በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ነጥብ እየዋጠ ከመናፍስት የሚሸሽበት ይህ ጌም አራቱንም መናፍስት አንድ ዓይነት መልክ ሰጥቶ በቀለምና በአካሄድ ለይቷቸዋል። ቀዩ ፓክማንን በቀጥታ ይከተለዋል። ሮዙ ፓክማን ካለበት ቦታ አራት እርምጃ ቀድሞ ያለውን ቦታ ያነጣጥራል። ሰማያዊው የፓክማንንም የቀዩንም ቦታ አይቶ ስለሚሄድ ከቀዩ ተለይቶ አይገመትም። ብርቱካናማው ከሩቅ ሆኖ ያሳድድና ሲቀርብ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ማዕዘኑ ይመለሳል።

አራቱን መርካቶ ውስጥ ደንበኛ የሚያመጡ ደላሎች ያድርጓቸው። መተላለፊያው ጠባብ፣ መታጠፊያው ብዙ፣ ገዢዋም አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ናት። የመጀመሪያው ደላላ «እኅቴ፣ ምን ልታዘዝ» እያለ ከኋላዋ አይለይም። ሁለተኛው አንዲት ቃል ሳይናገር ወደምትታጠፍበት ሱቅ ቀድሞ ደርሶ በሩን ይዞ ይጠብቃታል። ሦስተኛው የመጀመሪያውን እያየ ብቻ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ጓደኛው ባልመጣ ቀን ሥራ አይሠራም። አራተኛው ከመንገዱ ማዶ «መጋረጃ! መጋረጃ!» ብሎ ይጣራና ዞር ብላ ስታየው አፍሮ ወደ ጥግ ይሸሻል። ፓክማን ትልቋን ነጥብ ሲውጥ መናፍስቱ ሰማያዊ ሆነው እንደሚሸሹ ሁሉ፣ ሴቲቱም የጨርቁን ትክክለኛ የሜትር ዋጋ ጮክ ብላ የተናገረች ጊዜ አራቱም ለአፍታ ይበተናሉ። ማንም ማንንም መናፍስት ብሎ አይጠራም፤ የእያንዳንዱ አካሄድ ብቻ ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ትዕይንት ስትጽፉ አካሄዱን እስከ መጨረሻው አታቀላቅሉ፤ ቀድሞ የሚደርሰው አንድ ጊዜ እንኳ ከኋላ ከተከተለ አራቱ ሰዎች አንድ ይሆናሉ።

እንዴት ይናገራሉ፣ ምንስ ይባላሉ?

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከመጀመሪያው መስመር አንድ ውሳኔ መወሰን አለበት፤ ገጸ ባሕርዩ «አንተ» ነው ወይስ «እርስዎ»? ይህን ሳይወስኑ ግሥ ማሰር አይቻልም፤ ውሳኔው ደግሞ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ሥራውና ስለ ሰፈሩ አመለካከት ብዙ ይናገራል። በትዕይንቱ ውስጥ አረጋዊቷ ማሪዮን «ልጄ» እንዳሉት፣ እርሱም «እማማ» እንዳላቸው ያስተውሉ። ሶኒክን የግቢው ልጆች «ጋሼ» ቢሉት ዕድሜ ይጨመርለታል፤ «አንተ ዘበኛ» ብሎ የሚጠራው ባለ መኪና ቢመጣ ደግሞ የእግሩ ምት ምክንያት ያገኛል።

ዝምተኛ ገጸ ባሕርያትን ንግግር አስተምሮ ማምጣት ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። የ2018ቱን «ጎድ ኦቭ ዋር» ክሬቶስን ይውሰዱ። በኖርዲክ አማልክት ምድር ልጁን አትሬየስን ይዞ የሚጓዝ፣ አምላክነቱን ከልጁ የሚደብቅ፣ ልጁን አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ሳይሆን «ልጅ» ብሎ ብቻ የሚጠራ አባት ነው። በጌሙ መጀመሪያ ላይ ከአደኑ በኋላ ልጁን ለማጽናናት እጁን ወደ ትከሻው ይዘረጋና ሳይነካው ይመልሰዋል። በጌሙ የሚያደርሰው ጥፋት ሁሉ፣ የሚዋጋበት መጥረቢያም ጭምር፣ ከዚያች እጅ ጋር አይተካከልም።

ክሬቶስን ያስቀመጥኩት ሥራ ላይ ሳይሆን ሁላችን የምናውቀው ቦታ ላይ ነው፤ አትሬየስ «ወላጅ አምጣ» ተብሏል። ግዙፉ ሰው ለአሥር ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ ተቀምጧል። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት «የአትሬየስ አባት» ትለዋለች፤ እንደ ማንኛውም ወላጅ የራሱ ስም አልተጠየቀም፤ ማንነቱን ለሚደብቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ እፎይታ እንደሆነ ይገምቱ። መምህርቷ ልጁ ከጓደኛው ጋር መደባደቡን፣ ለምን እንደተደባደበ ሲጠየቅም አለመመለሱን ትነግረዋለች። ክሬቶስ «እሺ» ይላል። ከቤት ሰው ያስጠናው እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ «እኔ» ይላል። ደብተሩን ትሰጠዋለች፤ በሁለት እጁ ይቀበላል። በሩ ላይ ሲደርሱ «ልጅ» ይላል፤ ልጁም ይከተለዋል። በግቢው በር ሲወጡ እጁ ከልጁ ትከሻ በላይ ጥቂት ትቆያለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጻፍኩም፤ ጌሙን የሚያውቅ እጁ እንደምትመለስ ያውቃል፣ የማያውቅም ልትወርድ እንደምትችል ተስፋ ያደርጋል።

ለሰው ከማሳየት በፊት

አስቀድሞ አንድ አጭር ማሳሰቢያ ልስጥ። ገጸ ባሕርያቱ የባለቤቶቻቸው ንብረት ስለሆኑ፣ ለመለማመድና ለጓደኛ ለማስነበብ የተጻፈውን በቲሸርት ላይ አትሞ ወይም መጽሐፍ አድርጎ መሸጥ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ለሽያጭ ያሰቡት ሥራ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ወይም ስሙንና መልኩን ትተው የራስዎን ሰው ይፍጠሩ። እውነቱን ለመናገር በዚህ መንገድ በደንብ የተሠራ ትዕይንት ሁለተኛውን መንገድ ያቀልለዋል፤ የመርካቶው አራቱ ደላሎች ዛሬ ከፓክማን ጋር ምንም ዝምድና ሳያስፈልጋቸው የሚቆሙ ሰዎች ናቸው።

የጻፉትን ለሁለት ሰው ያስነብቡ። የመጀመሪያው ጌሙን የሚያውቅ ይሁን፤ ስሙን ከጽሑፉ አውጥተው ይስጡትና ማን እንደሆነ ይጠይቁት። ካላወቀው ልማዱን አልያዙም ማለት ነው፤ ወደ ወረቀቱ ተመልሰው ሳይታዘዝ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱን ይጨምሩ። ሁለተኛው ጌም የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ሥራውን ግን የሚሠራ ሰው ይሁን። ይህኛው አንባቢ ይበልጥ ይፈራል፣ ይበልጥም ይጠቅማል።

የማሪዮን ትዕይንት ለአንድ የቧንቧ ባለሙያ አነበብኩለት። ማሪዮ ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ «ከላይ ነው፣ ከላይ ነው» የሚለው ቦታ ላይ እየሣቀ ራሱን ነቀነቀ። መጋጠሚያው ሲፈታ ግን እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። «ሮቶው ሙሉ እያለ፣ መዝጊያውን ሳይዘጋ ፈታው?» አለኝ። ልክ ነበር፤ በእኔ ረቂቅ ወጥ ቤቱ በጎርፍ ይሞላ ነበር። መዝጊያውን የት ላድርገው ብዬ ስጠይቀው በእንደዚህ ያለው ቤት አንዳንዴ ከመግቢያው በር አጠገብ እንደሚሆን ነገረኝ። መግቢያው በር ደግሞ ሠራተኛው ያለፈው ቦታ ነው፤ ተመልሶ ሊሄድ አይችልም። ቤት ገብቼ የመጨረሻውን ክፍል እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦ «ሠራተኛው መጋጠሚያውን በፒንሳው ያዘ እንጂ አልፈታውም። የቤቱን ልጅ ጠራና ‹ከእማማ ቤት ቦርሳዬን አምጣልኝ፤ ስትወጣ በሩ አጠገብ ያለችውን መዝጊያ ወደ ቀኝ አጥብቀህ ዝጋት› አለው። ልጁ እየሮጠ ሄደ። ሠራተኛው መዝጊያዋ ስትጮኽ እስኪሰማ ድረስ ተንበርክኮ ጠበቀ።»